ሆፕ የበዛበት ቢራ እንዴት ነው የሚቀመሰው?

ጥያቄ፣ ከሜሪላንድ
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ እያለሁ ድራፍት ወይ ጊዮርጊስ ነበር የምጠጣው። እዚህ ደግሞ የሥራ ባልደረቦቼ በየወሩ ተሰብስበው ክራፍት ቢራ ይቀምሱና ነጥብ ይሰጣሉ። ወንድማችሁም ተጋብዣለሁ። የፊታችን ቅዳሜ የሚቀርበው ቱ ሃርትድ የተባለው፣ ቤልስ የሚባለው ጠማቂ የሚሠራው አይ ፒ ኤ (ሆፕ የበዛበት የቢራ ዓይነት) ነው። አንድ ገዝቼ ከፍሪጅ እንዳወጣሁት ከጠርሙሱ ጠጣሁ። ምሬቱ ብቻ ነው የተሰማኝ። እነሱ ስለ ብርቱካንና ስለ አበባ ነው የሚያወሩት። ምን ልጻፍ? መራራ መሆኑስ ነጥብ ያስቀንሳል?

መልስ፣ ከዴንቨር
ወንድሜ፣ ለመማር የሚሆን ቢራ ነው የደረሰህ። እኔ የምሠራው ቢራ ቤት ነው፤ ለጀማሪ ብዙ ጊዜ የምቀዳው እሱን ነው። ሚሺጋን ነው የሚጠመቀው፤ ሆፑም፣ ማለትም ለቢራ ምሬትና ሽታ የሚሰጠው የተክል አበባ፣ አንድ ዓይነት ብቻ ነው፣ ሴንቴኒያል የሚባለው። ስለዚህ የምታሸተው የዚያን ሆፕ ጠባይ ነው።

የሆፕ ነገር ግማሹ ሽታ ነው። በጠርሙስ አንገት አፍንጫህ ምንም አያገኝም። የወይን ብርጭቆ ይበቃሃል፤ ብቻ ቅባት አይኑርበት፣ አረፋውን ይገድለዋል። ከፍሪጅ አውጥተህ 15 ደቂቃ ያህል አቆየው። በጣም ሲቀዘቅዝ ሽታው ይታፈናል፤ ከ7 እስከ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ጥሩ ነው።

እስከ ግማሽ ቅዳና አረፋው ሳይወርድ አሽትት። እኔ መጀመሪያ የማገኘው ግሬፕፍሩት ሲላጥ ከልጣጩ የሚረጨውን ሽታ ነው። ቀጥሎ አበባ ይመጣል፣ ከሥር ደግሞ የጥድ ሙጫ። ከዚያ ተጎንጭ፣ አፍህ ውስጥ አዙረው፣ ዋጥና በአፍንጫህ ተንፍስ። በመጀመሪያው ጉንጭ አትፍረድ። ምላስ ምሬቱን እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል።

አይ ፒ ኤ መምረር አለበት። የሚታየው ብቅሉ ምሬቱን መሸከም መቻሉ ነው። ይሄ ቢራ አልኮሉ 7 በመቶ ነው፤ የዳቦ ቅርፊት የሚመስል የብቅል ጣዕም ከሥር አለው። ምሬቱ ጥርት ብሎ ቆይቶ ከሄደ ነጥብ ጨምርለት። ምላስህን ከፋቀህ፣ ጉሮሮህ ላይ ተለጥፎ ከቀረ ቀንስ። ቢጄሲፒ የሚባለው የቢራ ዳኞች ማረጋገጫ ድርጅት ዳኞች ከ50 ነጥብ 20ውን ለጣዕም፣ 12ቱን ለሽታ ይሰጣሉ። ለመልክ 3 ብቻ ነው።

መልስ፣ ከአትላንታ
ልጆቼ፣ እኔ ጠላ ጠማቂ ነኝ። ጌሾን ወቅጠን ጥንስስ ውስጥ ስንጨምረው የምንፈልገው ምሬቱን ነው። ይሄ ሆፕ የምትሉት ምሬቱንም ሽታውንም ከየት አመጣው?

መልስ፣ ከዴንቨር
እትዬ፣ ጥሩ ጠየቁ። ልዩነቱ የሚገባበት ሰዓት ላይ ነው። ሆፕ ከብቅሉ ውኃ ጋር አንድ ሰዓት ያህል ሲፈላ ምሬቱን ይሰጣል፤ ሽታው ግን በእንፋሎት ይሄዳል። ስለዚህ ጠማቂው መጀመሪያ ላይ ለምሬት፣ እሳቱ ሊጠፋ ሲል ደግሞ ለሽታ ይጨምራል። ቢራው ከቀዘቀዘና እርሾ ከገባበት በኋላም ሌላ ሆፕ ይነከርበታል። ያ አይፈላም፤ ሽታውን እንዳለ ይተወዋል።

መልስ፣ ከስቶክሆልም
የታሸገበትን ቀን ማየት እንዳትረሳ። የሆፕ ሽታ ቶሎ ይጠፋል። ሰፈሬ ካለ ሱቅ አይ ፒ ኤ ገዝቼ ስከፍተው እርጥብ ካርቶን ሸተተኝ። ለካ ሞቃት መደርደሪያ ላይ ወራት ከርሟል። ብርሃንም ጠላቱ ነው፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ጠርሙስ ፀሐይ ከነካው ቢራው ይገማል። ቡናማው ይሻላል።

ጠያቂው
እግዜር ይስጥልኝ። ቅዳሜ መጀመሪያ ክትፎ እንበላለን ተባብለናል። ችግር አለው?

መልስ፣ ከዴንቨር
ክትፎውን ከቅምሻው በኋላ አድርጉት። ሚጥሚጣው ምሬቱንም አልኮሉንም ያጎላዋል፤ ያኔ ስለ ቢራው ምንም ማለት አትችልም። ደግሞ ነጥብህን ማንም አፉን ሳይከፍት ጻፍ። አንዱ "ብርቱካን" ካለ ሁላችሁም ብርቱካን ነው የሚሸታችሁ።