እግሩ ተሰብሮ ትንፋሽ አጠረው፤ ምን አገናኛቸው?

እህቱ ነኝ (ደሴ)፦ ሰላም ቤተሰብ። ወንድሜ ሐረጎ ላይ ከሞተር ወድቆ የጭን አጥንቱ ተሰበረ። የመጀመሪያውን ቀን ደህና ሲያወራን ነበር። በማግስቱ ማታ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ አለ፤ እናቴን "አንቺ ማነሽ?" አላት። የጭንቅላት ሲቲ ስካኑ ምንም የለውም። ሐኪሙ "ፋት ኢምቦሊዝም ነው፤ ስብ የደም ስር ዘግቶበታል" አለን። አጎቴ ደግሞ ወጌሻ ይየው እያለ ነው። እግር ተሰብሮ ሳንባን ምን አገባው?

ነርስ ከኮምቦልቻ፦ አብሽሪ እህቴ። የትልልቅ አጥንት መቅኒ ስብ አለው። አጥንቱ ሲሰበር ስቡ ደም ውስጥ ይገባና የሳንባን ቀጫጭን የደም ስሮች ይዘጋል። አልፎ አንጎል ከደረሰ ሰው ይቀባጥራል። አብዛኛውን ጊዜ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው የሚመጣው። እስቲ ብብቱን፣ አንገቱንና ደረቱን እዪ። የመርፌ ጫፍ የሚያክሉ፣ ሲጫኗቸው የማይጠፉ ቀያይ ነጥቦች አሉ?

እህቱ ነኝ፦ ብብቱ ስር አሉ! ቁንጫ የነከሰው መስሎን ነበር።

የአጥንት ሕክምና ሬዚደንት፦ ለሐኪሙ አሁኑኑ አሳዪው። ነጥቦቹ ባይወጡም ግን በሽታው የለም አይባልም፤ ብዙዎች ላይ አይታዩም። ብቻውን የሚያረጋግጥ የደም ምርመራም የለም። ሐኪሙ ምልክቱን አይቶ፣ ኦክስጅኑን ለክቶ፣ የሳንባ ምችንና የደም መርጋትን ለይቶ ነው የሚደርስበት። ራጅ መጀመሪያ ላይ ንጹህ ሊሆን ይችላል።

ስቡን የሚያሟሟ መድኃኒት የለም፤ ከፋርማሲ አትንከራተቱ። ዋናው ኦክስጅን ነው። ካልበቃው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገብቶ በማሽን ይተነፍሳል። ሳንባው እስኪያገግም ሰውነቱን ደግፎ ማቆየት ነው ሥራው፤ ብዙዎቹም ይድናሉ። ደሴ ከፍታዋ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ ጣቱ ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ቁጥር ከቆላ ሰው ትንሽ ቢያንስ አትደንግጪ። ከ90 በመቶ ከወረደ ግን ነርስ ጥሪ።

የፒያሳው፦ ወጌሻንም አትናቁ እንጂ! የኔን ክንድ ያቆመው ወጌሻ ነው።

ሬዚደንት፦ ወንድሜ፣ ክንድ ሌላ ጭን ሌላ። ያልታሰረ ጭን ሲታሽና ሲጎተት ተጨማሪ ስብ ወደ ደም ሊገፋ ይችላል። እግሩ ሳይነቃነቅ ይያዝ፤ ሲረጋጋ ቶሎ በኦፕሬሽን ይታሰራል።

እህቱ ነኝ፦ አጎቴን አሳመንኩት። አሁን ደግሞ መኪና ተከራይተን አዲስ አበባ እንውሰደው እያሉ ነው።

ነርስ ከኮምቦልቻ፦ ኧረ በአላህ! 400 ኪሎ ሜትር ያለ ኦክስጅን? ሪፈር ካስፈለገ ሐኪሙ ይጽፋል። ተቀባዩ ሆስፒታል አልጋ እንዳለው በስልክ ይረጋገጥ። ከዚያ ኦክስጅንና ባለሙያ ባለው አምቡላንስ፣ እግሩ በደንብ ታስሮ ይሂድ።