ጠቦቴ ወደ ግራ ብቻ ይዞራል፤ አዙሪት ይሆን?

የመንዟ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የ9 ወር ጠቦት አለኝ። ሳምንቱን ሙሉ ወደ ግራ ብቻ ሲዞር ይውላል። ከመንጋው ይነጠላል፤ ግድግዳ ካገኘ ግንባሩን ደግፎ ይቆማል። የትል መድኃኒት አልቤንዳዞል ሰጠሁት፣ ምንም ለውጥ የለም። አምናም አንዲት ግልገል እንዲሁ ሆናብኝ አሳረድኳት። ከየት ነው የሚመጣብኝ?

በግ አርቢ፦ አይዞሽ እህቴ። እኔ ሦስት አጥቻለሁ። የአንዱን ጭንቅላት ፈልጠን ስናይ ውሃ የቋጠረ ስስ ከረጢት ነበር፣ የዶሮ እንቁላል ያህላል። ውስጡ ነጭ ጤፍ የተበተነበት ይመስላል።

የእንስሳት ሐኪም፦ አዙሪት የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው ይኸው ከረጢት ነው። ያ ጤፍ የመሰለው እያንዳንዱ የኮሶ ትል ራስ ነው። ውሻ ያንን አንጎል ሲበላ ራሶቹ አንጀቱ ላይ ተጣብቀው ያድጋሉ። ከአንድ ወር ተኩል ገደማ በኋላ እንቁላሉ ከኩሱ ጋር ሣር ላይ ይወድቃል። ጠቦቱ ሲግጥ ይውጠዋል። እንቁላሉ አንጀት ውስጥ ይፈለፈላል፣ በደም ሄዶ አንጎል ይገባል፣ እዚያ ወራት ፈጅቶ ከረጢት ይሆናል። ከረጢቱ ካደገ በኋላ አልቤንዳዞል እምብዛም አያድንም። ቀዶ ሕክምና አለ፣ ግን በየቦታው አይገኝም። ብቻ ከማረድሽ በፊት ሐኪም ይየው። ትኩሳት ካለው ወይም ለሃጩ ከተዝረከረከ ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል። የእብድ ውሻ በሽታ በግንም ይይዛል፤ አፉን በባዶ እጅ እንዳትነኪ።

ከሰሜን ኖርዌይ፦ እዚህም የሬንዲር (የሰሜን አገር አጋዘን) ጥጆች አንጎልና ሕብለ ሰረሰር ውስጥ የሚገባ ትል አለ። የኋላ እግራቸው ይንገዳገዳል። እሱን ግን የሚያሻግረው ቀንድ አውጣ ነው፤ ጥጃው ከግጦሹ ጋር ይውጠዋል። ዱሩን ሁሉ ከቀንድ አውጣ ማጽዳት አይቻልም። የእናንተው መንገድ በውሻ በኩል ስለሆነ መዝጋት ይቻላል።

የመንዟ፦ የአምናዋን ጭንቅላት ለውሻችን ነው የጣልንለት! ሥጋውስ ይበላል?

የእንስሳት ሐኪም፦ ሐኪሙ አዙሪት ነው ካለ ይበላል፤ ይህ ትል በበግ ሥጋ ወደ ሰው አይተላለፍም። ጭንቅላቱን አቃጥዪው፣ ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጉድጓድ ቅበሪው። ለውሻው የኮሶ ትል መድኃኒት ፕራዚኳንቴል በክብደቱ ልክ ይሰጠው፤ ቢቻል በየ6 ሳምንቱ፣ ካልሆነ በየ3 ወሩ። ሁለት ቀን አስረሽ ኩሱን ቅበሪ። እንቁላሉ አልፎ አልፎ ሰውንም ስለሚይዝ ልጆች ውሻ ከነኩ በኋላ ይታጠቡ።

በግ አርቢ፦ የጎረቤት ውሻም እዚያው ሜዳ ላይ ነው የሚውለው። የአንድ ቤት ብቻ ቢታከም ዋጋ የለውም።

የመንዟ፦ አራት ውሾች አሉ። ነገ ከገበያ በፊት ባለቤቶቹን አናግራለሁ። የእኛን አሁኑኑ አስሬዋለሁ።