ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ የባሕር ዳር ረግረግ፦ ብስክሌቴን ይዤ ልሂድ?

የቀዚራው ብስክሌተኛ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ድሬዳዋ ተወልጄ ያደግኩ፣ እስከ ዛሬም ከቀዚራ ሳቢያን፣ ከሳቢያን መጋላ በብስክሌት የምመላለስ ሰው ነኝ። ከእኛ ከተማ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ሰው አብዛኛው ለንግድ ነው፤ ካልሆነም ዘመድ ለመጠየቅ። እኔ ግን በመጪው ጥር ከአሥራ አራት ዓመት ልጄ ጋር በባቡር የምሄደው ከጅቡቲ ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ በሐራሙስና በሎያዳ መካከል ያለውን ረግረግ ለማየት ነው። አገሮች ውኃ አዘል መሬቶችን ለመጠበቅ በተፈራረሙት በራምሳር ስምምነት ከተመዘገቡት ቦታዎች አንዱ መሆኑን አንብቤአለሁ። ልጄ ወፍ ይወዳል፤ ደቻቱ ዳር ቆሞ ጭልፊት ሲከታተል ይውላል። ባሕር ግን አይቶ አያውቅም።

ብስክሌቴ ማርሽ የሌለው፣ ጎማው ቀጭን የሆነ አሮጌ ብስክሌት ነው። ረግረጉ ውስጥ ይነዳል? ወይስ በእግር ይሻላል? በየትኛው ሰዓትስ ልሂድ? ቦታውን የሚያውቅ ሰው ካለ በዝርዝር ቢነግረኝ ውለታው አይጠፋኝም።

ከጀጎል

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ደስ አሰኝቶኛል። ጅቡቲ ወደብ ላይ ለዓመታት ሠርቼ ወደ ሐረር የተመለስኩ ሰው ነኝ። ዓርብ ዓርብ ሥራ ስለሌለ ወደዚያ ረግረግ እወርድ ነበር።

ብስክሌት መንገዱ ላይ እንጂ ጭቃው ላይ አይነዳም። ከከተማው እስከ ሎያዳ ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አገሩ ሜዳ ስለሆነ ለድሬዳዋ ልጅ አይከብድም። ከመንገዱ ወደ ባሕሩ ስትወርድ ግን መሬቱ ያታልላል። ላዩ ደርቆ፣ ጨው አንጥፎ ጠንካራ ይመስላል፤ ከሥሩ ለስላሳ ጭቃ ነው። ቀጭን ጎማ ወዲያው ይሰምጣል። አንተ ገፍተህ ትወጣ ይሆናል፤ በመንገድህ የነበሩት የሸርጣን ጉድጓዶች ግን ተደፍጥጠው ይቀራሉ። መሬቱ ላይ የምታያቸው ጣት የሚያስገቡ ቀዳዳዎች ሁሉ የሚኖርባቸው አላቸው። ብስክሌቱን ጠንካራው መሬት ላይ አቁመህ በእግርህ ግባ።

ሰዓቱን የሚወስነው ባሕሩ ነው። ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜ ይመለሳል፤ ሰዓቱም በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል እየዘገየ ይሄዳል። ስለዚህ የትናንቱን ሰዓት ይዘህ አትሂድ፤ ዓሣ አጥማጆቹን ጠይቅ። ውኃው ርቆ ሲሸሽ ወፎቹም ርቀው ይበተናሉ። መመለስ ሲጀምር ግን ጭቃው እየጠበበባቸው ወደ ዳር ይገፋሉ። በዚያች ሰዓት ዳር ላይ ዝም ብላችሁ ከተቀመጣችሁ ራሳቸው ወደ እናንተ ይመጣሉ። ልጅህ አንዱን ወፍ ልብ ብሎ ይፈልገው፦ ነጭና ጥቁር፣ እግሩ ረጅም፣ ምንቃሩ ወፍራምና ጥቁር ነው፤ ሸርጣን ያድናል። በባሕር ዳር ከሚራመዱት ዘመዶቹ ሁሉ ተለይቶ አሸዋ ውስጥ ዋሻ ቆፍሮ ይፈለፍላል።

ማንግሮቭ የሚባለውንም ዛፍ ተጠግታችሁ እዩት። በዙሪያው ካለው ጭቃ ላይ እርሳስ የተተከለ የሚመስሉ ሥሮች ቀጥ ብለው ይወጣሉ፤ ጭቃው አየር ስለሌለው ዛፉ የሚተነፍሰው በእነሱ ነው። በባዶ እግር የረገጣቸው ሰው ይወጋል፣ እነሱም ይሰበራሉ። ቅጠሉን ገልብጣችሁ በጣት ብትነኩት የጨው ቅንጣት ታገኛላችሁ። ዛፉ የጠጣውን ጨው በቅጠሉ ያወጣዋል።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምንሃለሁ፤ ወፎቹን አታስነሡ። አገራቸው ብርድ ሲሆን ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ብዙ ናቸው፤ የሚበሉትም ጭቃው በተገለጠባት ጥቂት ሰዓት ነው። ለፎቶግራፍ ብለው እየሮጡ የሚያስነሷቸውን ሳይ አንጀቴ ያርር ነበር። መንጋው አንገቱን ቀና ካደረገ ባላችሁበት ቁሙ።

ጥር መምረጥህ ጥሩ ነው። በሰኔና በሐምሌ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ለልጅ አይሆንም። ሎያዳ ድንበር ስለሆነ ፓስፖርት አይለያችሁ፤ ኬላና ወታደራዊ ሰፈር ፎቶግራፍ አታንሡ።

ካቴና ጠጋኝ

የጀጎሉ ወንድማችን ያላነሣውን እኔ ልጨምር፤ ሥራዬ ብስክሌት መጠገን ነው። ከባሕር ዳር የሚመለሱ ብስክሌቶች ምን ሆነው እንደሚመጡ አያለሁ፤ ካቴናው ቀልቶ ይደርቃል። ከመሄድህ በፊት ኩሽኔታዎቹን አስከፍተህ አዲስ ግራሶ አስሞላ። ማታ ማታ በንጹሕ ውኃ አጥበህ፣ በጨርቅ አድርቀህ ካቴናውን ዘይት ቀባ። መንገዱ ዳር የግራር እሾህ አይጠፋም፤ ትርፍ ካላማዳሪ፣ ማስቲሽና መንፊያ ያዝ። ባቡሩ ብስክሌት ይጭን እንደሆነ ትኬት ከመቁረጥህ በፊት ጣቢያው ድረስ ሄደህ አረጋግጥ።

ሐረማያ ዳር

ወንድሜ፣ ልጅህን አስቀድመህ ሐረማያ አምጣው። ወፍ ሳያስደነግጡ መጠጋትን እዚህ ይማራል፣ ቅርብም ነው። ሌላም ምክንያት አለኝ። ይህ ሐይቅ ለሐረር የመጠጥ ውኃ ይሰጥ ነበር፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ፈጽሞ ደረቀ። ለጫትና ለአትክልት የሚስበው ሞተር በዛ፣ ከተሞቹም ጠጡት፣ ከተራቆተው ኮረብታ የሚወርደው ደለል ሞላው። እኔ ልጅ ሆኜ በሐይቁ ወለል ላይ ከብት ሲግጥ አይቻለሁ። ሐረር ውኃዋን ከድሬዳዋ አካባቢ በቧንቧ ሽቅብ ለማስመጣት ተገደደች። ከዓመታት በኋላ ሐይቁ ሲመለስ ዳክዬውም ሽመላውም ተመለሰ። የሰፈሬ ሰው ሐይቁን ለማየት ብቻ ይወጣ ነበር። ልጅህ ይህን ካወቀ የጅቡቲውን ጭቃ ባዶ መሬት ነው አይልም።

ብስክሌታችሁን እስከ ደንገጎ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭኑት። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረማያ 2,000 ገደማ፤ ማርሽ በሌለው ብስክሌት አቀበቱ አይሞከርም። ከደንገጎ በአዴሌ በኩል ስትመጡ የጫት መኪኖችን ተጠንቀቁ፤ ለማንም ፍሬን አይዙም። በማለዳ ኑ።

የቀዚራው ብስክሌተኛ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለልጄ ሁሉንም አነበብኩለት፤ ቅዳሜ ሐረማያ እንወጣለን። ወደ ጅቡቲ ግን ብስክሌቱን አልወስድም፤ እስከ ረግረጉ በመኪና ደርሰን በእግራችን እንገባለን። ሩቅ የሚያሳይ መነጽር የሚያውሰን ሰው ይገኛል?

ከጀጎል

እኔ ዘንድ አለ፤ ሐረር ብቅ ስትሉ ውሰዱት። ባሕር ዳር ነፋሱ ጨው ይዞ መስታወቱ ላይ ያርፋል። ልጁ በሸሚዙ እንዳይጠርገው፣ ይቧጭረዋል። መጀመሪያ በንጹሕ ውኃ ያርጥበው፣ ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ ያድርቀው።