«ምንም ወጪ የለውም» ያለው ማነው?

ወይናደጋ፦ ዛሬ ጠዋት በሬዲዮ አንድ ባለሙያ ሲናገር ሰማሁ። ዝናቡ አንዴ ይጠፋል፣ አንዴ ይዘንብና ጠራርጎ ይሄዳል። ስለዚህ ገበሬው ካጨደ በኋላ ገለባውን ማሳው ላይ ይተወው አለ። እሺ። ቀጥሎ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ምንም ወጪ የለውም።» በሬዬ ሐምሌ ላይ ሬዲዮ ይብላ?

አግሮኖሚው፦ ሰውዬው ልክ ነው። ራቁቱን በቀረ ማሳ ላይ ኃይለኛ ዝናብ ሲወርድ የአፈሩ ፊት ይደፈናል። ውኃው አይሰርግም፤ አፈሩን ይዞ ወንዝ ይገባል። የተሸፈነ ማሳ ግን ዝናብ ሲቆይም እርጥበቱን ይይዛል።

ወይናደጋ፦ ስለ እርጥበቱ ማን ተከራከረህ? እኔ ያልኩት «ምንም ወጪ» ስለሚለው ነው። የጤፍ ጭድ ተሸጦ ደብተር ይገዛበታል። ቤት ይመረግበታል። ይሄ ወጪ ካልሆነ ወጪ ምንድን ነው?

የኮንሶ ልጅ፦ እኛ ጋ ኑና እዩ። ዩኔስኮ በ2011 እ.ኤ.አ. የመዘገበው የድንጋይ ካብ ብቻ አይምሰላችሁ። ከብቱ ቤት ታስሮ ይቀለባል፣ ፍጉ ተመልሶ እርከኑ ላይ ይበተናል። ወጪ አለው፤ ወጪው ጉልበት ነው።

የጎዛምን ልጅ፦ ገለባ ገለባ ትላላችሁ፣ የእኛ አፈር አሲድ ሆኗል! ማዳበሪያ ብትጨምርበት ፎስፈረሱን አፈሩ ራሱ ቆልፎ ይይዘዋል። አሲዱን ለመቀነስ ኖራ ነው የሚያስፈልገው። በሄክታር 20 እና 30 ኩንታል ማን ተሸክሞ ያድርስ?

አግሮኖሚው፦ ርዕሱ ኖራ አይደለም።

የጎዛምን ልጅ፦ ይቅርታ ጌታዬ፣ ርዕሱ አፈር መስሎኝ ነበር።

ቨርጂኒያ፦ ዋናው ችግር ኩበት መንደዱ ነው። ማሳ መግባት የነበረበት ጭስ ሆኖ ይሄዳል። ሕዝቡን ማስተማር ነው።

ጥቁር አፈር፦ አንተ አሜሪካ ሆነህ ምድጃህን ጠምዝዘህ ታበራለህ። እናቴ በምን ትጋግር?

ቨርጂኒያ፦ እኔም ኩበት እየጠፈጠፍኩ ነው ያደግሁት፣ አትሳደብ።

ጥቁር አፈር፦ ስድቡ የቱ ጋ ነው? ለነገሩ እኛ መረሬ ላይ ነን፣ ውኃ ቶሎ የማያሰርግ ጥቁር ጭቃ አፈር ላይ፤ ችግራችን ውኃ መተኛቱ ነው። ሰሜን ሸዋ፣ እነዋሪ ላይ ገበሬው ከነቤተሰቡ በእጁ ከፍ ያለ መደብ እያወጣ ነው ውኃውን የሚያጠነፍፈው። እዚያ ሄዳችሁ «እርጥበት ያዙ» በሉ እስቲ፣ በዱላ ነው የሚሸኟችሁ።

አግሮኖሚው፦ ለሁሉም አፈር አንድ መድኃኒት ነው ያለ የለም።

ወይናደጋ፦ «ምንም ወጪ የለውም» ግን ለሁሉም ተብሏል። ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። እሺ፣ ተውኩት እንበል። እህሉ ከተነሣ በኋላ የእኔ ማሳ የሰፈሩ ሁሉ ግጦሽ ነው። እኔ ለአፈሩ ብዬ የተውኩትን የጎረቤቴ ከብት በሳምንት ጠርጎ ይበላዋል። ታዲያ ለአፈሩ ነው የተውኩት ወይስ ለጎረቤቴ?

አግሮኖሚው፦ ለዚህ እኮ ነው ልቅ ግጦሽ ይቁም የሚባለው። ቀበሌው ደንብ አውጥቶ ይከልክላ።

ወይናደጋ፦ የክርስትና አባቴን ላም አስሬ ቀበሌ ልውሰዳት?

የኮንሶ ልጅ፦ ላሟ ድሮውኑ እቤቷ ብትቀለብ...

ወይናደጋ፦ በምን? በገለባ! እኮ፣ ተመልሰን መጣን።

የጎዛምን ልጅ፦ ኖራውስ?

ቨርጂኒያ፦ ለባለሙያው ለምን ደውለህ አትጠይቀውም?

ወይናደጋ፦ «ይደውሉ» ይሉሃል፣ መስመሩ ሁሌ እንደተያዘ ነው። ማክሰኞ እንደገና እሞክራለሁ።