ለስድስት ወር ብዬ የገባሁበት ቤት፦ ዕቃዬን ልጫን ወይስ ልሽጥ?

የሲቀላ ተከራይ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ አጭር ነበር፤ ስጽፈው ረዘመብኝ። ይቅርታ አድርጉልኝ።

ባንክ ነው የምሠራው። ጥቅምት 2014 ከአዲስ አበባ ወደ አርባ ምንጭ ተመደብኩ። አለቃዬ «ስድስት ወር ብቻ ታገሺ፣ ከዚያ እንመልስሻለን» አለኝ። አመንኩት። ይኸው ነሐሴ 2017 ሆነ። የዝውውር ደብዳቤዬ ባለፈው ሳምንት ደረሰኝ። መስከረም 5 አዲስ አበባ ሪፖርት አድርጊ ይላል። ስድስት ወሩ ሦስት ዓመት ከአሥር ወር ሆነ ማለት ነው።

የምኖረው ሲቀላ ነው። ለማታውቁት፣ አርባ ምንጭ ሁለት ከተማ ናት ማለት ይቻላል። ሴቻ ላይ፣ ሲቀላ ታች። መሀላቸው ባጃጅ እያቃሰተ የሚወጣው ዳገት አለ። ሴቻ ነፋሻ ናት። ማኪያቶ ይዛችሁ ስትቀመጡ ከታች ሁለቱ ሐይቆች ይታያሉ፤ አባያ ቡናማ፣ ጫሞ ሰማያዊ፣ መሀላቸው የእግዜር ድልድይ። ሲቀላ ደግሞ ገበያ፣ ግርግርና ሙቀት። እኔ ሲቀላን የመረጥኩት ለሥራ ስለሚቀርብ ነው። «ለስድስት ወር ምን አለበት» ብዬ።

ቤቱ አንድ ክፍል ሰርቪስ ነው። ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው እንደ ምጣድ ይግላል። አሁን የማፍርበትን ልንገራችሁ። አልጋ አልገዛሁም። ፍራሹን መሬት ላይ ነው ያነጠፍኩት። ልብሴ እስከ ዛሬ ሻንጣ ውስጥ ነው። አንዱን የመጽሐፍ ካርቶን ሳልፈታው ምስጥ ከሥር በልቶ ጨረሰው። መስታወት ገዝቼ ነበር፤ ሚስማር ግን አልመታሁም። ወለሉ ላይ ቆሞ ግድግዳውን ተደግፏል። ስለዚህ አራት ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረው፣ ጠዋት ጠዋት ጫማዬንና ጉልበቴን ብቻ አይቼ ነው ወደ ሥራ የምሄደው። ፊቴን በስልክ ካሜራ ነው የማየው።

ነጭ ሳር ፓርክ አልገባሁም። ጫሞ ላይ ጀልባ አልተሳፈርኩም። ዶርዜ አልወጣሁም። ወደ አርባዎቹ ምንጮች አንድ ጊዜ ሄጄ ዝንጀሮ ሙዜን ነጥቆኝ ተመለስኩ፤ በቃ። ቋንቋውንም ከ«ሳሮ» ሰላምታ አላሳለፍኩትም። አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቼ «አዞ አየሽ?» ባሉኝ ቁጥር ወሬ እቀይራለሁ። ሁልጊዜ መልሴ «ልሄድ ነው እኮ» ነበር።

አንድ ነገር ግን ተክያለሁ። ፓፓያ። በመጀመሪያው ዓመት ከበላሁት ላይ ፍሬ አውጥቼ በአሮጌ የቀለም ባልዲ ዘራሁ። በባልዲ ያደረግኩት ስሄድ ይዤው እንድሄድ ነው። (አትሳቁ።) ችግኙ ጉልበቴ ላይ ደርሶ ቆመ። ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ ይረግፋል። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ባልዲው ታጥቦ፣ ውኃ ተሞልቶ ደጃፍ ተቀምጧል። ፓፓያዬ ሽንት ቤቱ አጠገብ መሬት ላይ ተተክሏል። ተናደድኩ። «እማማ፣ ሳይጠይቁኝ?» አልኳቸው አከራዬን። «ባልዲዬን ፈልጌው ነው፤ ውኃ ሊጠፋ ነው ተብሏል» አሉኝ። አለቀ። እውነትም ባልዲው የሳቸው ነበር። ያ ፓፓያ አሁን ቆርቆሮውን አልፏል። ዘንድሮ ስንት ፍሬ እንደበላንበት አልቆጠርኩም።

እማማ የጋሞ ደጋ ሰው ናቸው። ግቢው ውስጥ ሺፈራው አለ፤ እሳቸው ሃላኮ ነው የሚሉት። ቅጠሉን እንደ ጎመን ይቀቅሉታል፣ ኩርኩፋ ሲሠሩ ደግሞ ከበቆሎው ጋር ያደርጉታል። መጀመሪያ ጠረኑ አልጣመኝም ነበር። አሁን ሳምንት ሳልበላ ከቆየሁ ይናፍቀኛል። ወባ በያዘኝ ጊዜ በሌሊት ባጃጅ አስጠርተው ጤና ጣቢያ የወሰዱኝ እሳቸው ናቸው። አጎበሬ የተንጠለጠለበትን ሚስማር እንኳ የመቱት እሳቸው ናቸው።

እሺ፣ ጥያቄው። ፍሪጅ፣ ፍራሽ፣ የጋዝ ምድጃ፣ ማራገቢያና ሦስት የፕላስቲክ ወንበር አለኝ። በአይሱዙ ላስጭን ወይስ እዚሁ ልሽጥ? ሁለተኛ፣ እማማ «መስቀልን ሳትውዪ አትሄጂም» ብለዋል። መስቀል 17 ነው፣ ሪፖርቱ 5። ምን ይሻለኛል? ሦስተኛውን እንዴት እንደምጠይቅ አላውቅም። «ለጊዜው ነው» እያላችሁ ሳትኖሩበት የኖራችሁበት ቤት ያላችሁ ሰዎች፣ በቀረችው ሦስት ሳምንት ምን ይደረጋል?

ባለ አይሱዙ፦

እህቴ፣ በዚህ መስመር ለዓመታት ነድቻለሁ። ሐቁን ልንገርሽ። ከአርባ ምንጭ ወደ አዲስ ባዶውን የሚወጣ አይሱዙ ብዙ አትጠብቂ። ሁሉም ሙዝ ነው የሚፈልገው። ለአንድ ፍሪጅና ለሦስት ወንበር ብሎ ሙዙን የሚተውልሽ ሹፌር ከፍሪጁ ዋጋ በላይ ይጠራል። «ሙዙ ላይ ደርቤ ላድርስልሽ» የሚልሽም አይጠፋም። እሺ እንዳትዪ። ሙዙ ይጨፈለቃል፣ ዕቃሽ ይሰበራል፣ ከዚያ ከነጋዴው ጋር ስትጨቃጨቂ ያድርሻል።

አዲስ አበባ ደግሞ ዝናቡ ገና አልወጣም። ሸራው ቀዳዳ ካለው ፍራሽሽን ጨምቀሽ ነው የምታወርጂው። በዚያ ላይ አውራጆች አሉ። እነሱ ዕቃውን አይተው ሳይሆን አንቺን አይተው ነው ዋጋ የሚናገሩት።

ሽጪ። ፍሪጁን የግድ ካልሽ ቆሞ ይጫን። ተኝቶ ከመጣ ቶሎ እንዳትሰኪው፣ እስከ ማግስቱ አቁመሽ ተዪው። ማራገቢያውን ግን ምን ልታደርጊበት ነው? አዲስ አበባ ገብተሽ እንዲበርድሽ?

የሸማኔ ልጅ፦

ስለ መስቀሉ እኔ ልመልስልሽ። አባቴ ዶርዜ ነው፣ እኔ የተወለድኩት ሽሮ ሜዳ። አባቴ ሽመናውን ይዞ አዲስ አበባ ሲገባ «ለጊዜው» ብሎ ነው። አርባ ዓመት አለፈው። እስከ ዛሬ «አገሬ ስገባ» እያለ ነው የሚያወራው፤ እናቴ መስማት ሰልችቷታል። ግን ለመስቀል ቀርቶ አያውቅም። ታሞ ሁሉ ሄዷል። እዚያ ለመስቀል በሬ ዓመቱን ሙሉ ነው ገንዘብ የሚጠራቀመው። ስለዚህ እማማ «ሳትውዪ አትሄጂም» ያሉሽ ለወግ አይደለም። በድርሻው ቆጥረውሻል።

ካላንደር አይተሻል? መጪው መስቀል ቅዳሜ ነው የሚውለው። ሰኞ ሪፖርት አድርጊ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብን ፈቃድ ጠይቂና ተመለሺ። አውሮፕላንም አለ።

ምስጥ ካርቶኔን በላው ብለሽ አዝነሻል። እኛ ጋ እኮ ቤት ነው የሚበላው! የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ የተጠለፈ ነው፤ ፊቱ የዝሆን ግንባር ይመስላል። አዲስ ሲሆን እስከ 12 ሜትር ይቆማል። ምስጡ ከሥር ሲበላው የተበላውን ይቆርጡታል፤ ቤቱ ከዓመት ዓመት እያጠረ ይሄዳል። ቦታ መቀየር ካስፈለገ ደግሞ ሰፈርተኛው ተሰብስቦ ቤቱን እንዳለ ተሸክሞ ይወስደዋል። አይሱዙ የለ፣ አውራጅ የለ። የአያቴን ቤት በር አባቴ ድሮ ቀጥ ብሎ ይገባበት ነበር አሉ። ዓምና እኔ ጎንበስ ብዬ ነው የገባሁት።

ዶርዜ ሳትወጪ አዲስ አበባ ከመጣሽ አላናግርሽም። አንድ ጠዋት ይበቃሻል። ጋቢ ያዢ፣ ላይ ይበርዳል።

አራተኛ ፎቅ፦

ሁሉንም ሽጪ፣ መስታወቱንም ጨምሮ። እኔ ከሐዋሳ አስጭኜ ያመጣሁት ቁምሳጥን የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ አልዞር ብሎ እስከ ዛሬ ኮሪደር ላይ ቆሟል። ጎረቤቶቼ ጫማ ያስቀምጡበታል። አንዷማ መቆለፊያ ገጥማለታለች።

ጡረተኛው መምህር፦

ልጄ፣ በሥራ ዘመኔ ደባርቅ፣ ጎሬና ጂንካ አስተምሬአለሁ። ስለ ፍሪጅ ወንድሞችሽ ነግረውሻል። እኔ የምጨምረው ዕዳሽን ዝጊ የሚለውን ነው። ዕቁብ አለሽ? ዕጣው ከደረሰሽ ቀሪውን እንዴት እንደምትከፍዪ ከመሄድሽ በፊት ከዳኛውና ከጸሐፊው ጋር ተነጋገሪ። ዋስሽን በሰው ፊት አታሳፍሪው። የሱቅ ዱቤም እንደዚያው።

ይህን የምለው ከደባርቅ ስለቅ 14 ብር ዱቤ ሳልከፍል ስለሄድኩ ነው። መኪናው በሌሊት ነበር፣ ሱቁ አልተከፈተም። ያኔ 14 ብር ገንዘብ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሱቅ በገባሁ ቁጥር ያ ደብተር ይታየኛል። በመጨረሻ በአንድ ሹፌር እጅ ላክሁለት። ሰውየው ደግሞ በዚያው ሹፌር አንድ ቁና ባቄላ ላከልኝ። አሁን ይባስ፣ ባለ ዕዳ ሆኜ ቀረሁ።

ስለ ሦስተኛው ጥያቄሽ የምመክርሽ የለኝም። ጂንካ ሳለሁ አውሮፕላን ማረፊያው መሀል ከተማው ላይ የተዘረጋ የሣር ሜዳ ነበር። ከብት ይግጥበታል፣ አውሮፕላን ሲመጣ ያባርሯቸዋል። አመሻሽ ላይ እዚያ ሜዳ ላይ ወዲያ ወዲህ እል ነበር፤ «ከዚህ አገር መቼ ነው የምወጣው» እያልኩ። ዛሬ ስለ ጂንካ ሲነሳ መጀመሪያ ዓይኔ ላይ የሚመጣው ያ ሣር ነው። ትምህርት ቤቱን እንኳ በደንብ አላስታውሰውም።

የሲቀላ ተከራይ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ያለሁበትን ልንገራችሁ።

ፍሪጁንና ምድጃውን የሥራ ባልደረባዬ ገዛኝ። ወንበሮቹን ባለ ሻይዋ ወሰደች። ማራገቢያው ለእማማ ነው፤ «መብራት ይበላል» ብለው አልወደዱትም፣ ግን ክፍላቸው ውስጥ ሲዞር ሰምቻለሁ።

መምህር፣ ዕቁቡን እንዴት አወቁብኝ? ዕጣው ደርሶኝ በልቼዋለሁ፤ አራት ዙር ይቀረኛል። ጸሐፊዋ በስልክ እንድልክላት ተስማምታለች። ዱቤ የለብኝም ብዬ ነበር። ከዚያ አትክልት የምትሸጥልኝ ልጅ ትዝ አለችኝና ጠየቅኳት። «180 ብር አለብሽ፤ መቼ ትጠይቀኝ ይሆን እያልኩ ነበር» አለችኝ። ስላስታወሱኝ እግዜር ይስጥልኝ።

የሸማኔ ልጅ፣ ሳቅሁብህ፣ ምክንያቱም እኔም ያደግኩት ሽሮ ሜዳ ነው። ከቤታችን ጀርባ የሸማኔ ግቢ ነበር። የእንጨቱን ኳኳታ እየሰማሁ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ። በመስቀል ሰሞን ግቢው ጭር ይላል። ልጅ ሆኜ ዝምታው ያስፈራኝ ነበር፤ የት እንደሚሄዱ ግን ጠይቄ አላውቅም። ቅዳሜ ዶርዜ ወጥቼ አየሁት። ጋቢ አልያዝኩም ነበር፤ አንዲት እናት ያለበሱኝን ጋቢ ዋጋውን ስጠይቅ ገዝቼው ወረድኩ። ምናልባት ዘዴያቸው ሊሆን ይችላል፤ ይሁን።

ጀልባው ለሚቀጥለው እሑድ ተቀጥሯል። ለዓርቡ ፈቃድ አዲሱን አለቃዬን በስልክ ጠየቅሁ። «ገና ሥራ ሳትጀምሪ?» አለኝ። እሺም እምቢም አላለም። ለእማማ ግን እመጣለሁ ብያለሁ።

እናቴ ትናንት ደወለች። «ለጊዜው የወንድምሽ ክፍል ትገቢያለሽ» አለችኝ። «ለጊዜው» ስትል ሳቄ መጣ። ምን ያስቅሻል ብላ ተቆጣች።

ከዚያ ወጥቼ ሚስማር ገዛሁ። መዶሻ ከእማማ ተዋስኩና መስታወቱን ሰቀልኩት። ፊቴን፣ ትከሻዬን፣ ከኋላዬ ያለውን መስኮት አየሁ። የፓፓያው ጫፍ በመስኮቱ ይታያል ለካ። እማማ ድምፁን ሰምተው መጡ። በር ላይ ቆመው መስታወቱን አዩ፣ ከዚያ የተዘጋውን ሻንጣዬን አዩ።

«አራት ዓመት ዝም ብለሽ ኖረሽ፣ አሁን ልትሄጂ ስትይ ነው ግድግዳዬን የምትበሺው? ደግሞ ዘሟል» አሉና መዶሻቸውን ተቀብለውኝ ሄዱ።