ለዝኩኒ ብዬ ፕላስቲክ ቤት ያስገባሁት ንብ አለቀብኝ

ጥያቄ (ከቢሾፍቱ)፦ ጤና ይስጥልኝ። ግማሹ ዝኩኒ፣ ግማሹ ቲማቲም የሆነ ፕላስቲክ ቤት አለኝ። የዝኩኒው ፍሬ ጣት ሳያክል ከጫፉ ቢጫ እየሆነ ስለሚረግፍብኝ፣ ንብ ስለሌለ ነው ብዬ አንድ ዘመናዊ ቀፎ ከነንቡ አስገባሁ። በሦስተኛው ቀን ጣራው ሥር ተከማችቶ የሞተውን ንብ በአካፋ ጠረግሁ፤ ሁለት ሠራተኞችም ተነድፈው ሥራ ጥለው ሄዱ። ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው?

መልስ (ንብ አናቢ፣ ሆለታ)፦ ቀሳሚ ንብ መንገዱን የሚያውቀው በፀሐይና ለእኛ ዓይን በማይታየው አልትራቫዮሌት ጨረር ጭምር ስለሆነ፣ ይህን ጨረር የሚከለክል ፕላስቲክ ከሆነ መመለሻው ይጠፋውና ጣራውን ሲገፋ ውሎ ይሞታል። ቀፎውን ማታ ንቡ ተጠቃሎ ሲገባ ያውጡትና፣ የጎን መጋረጃው በሚከፈትበት በኩል፣ ሠራተኛ ከሚመላለስበት ራቅ አድርገው ከውጭ ያስቀምጡት፤ የእኛ ንብ ቁጡ ነውና። ንቡ አዲሱን ቦታ ዞሮ እንዲያጠና መውጫውን በቅጠላማ ዝንጣፊ ከለል ያድርጉለት። ፀረ ተባይ የሚረጩ ከሆነም አበባው ከተከደነ በኋላ፣ አመሻሽ ላይ ይሁን።

መልስ (የአትክልት ባለሙያ፣ መቂ)፦ ከቲማቲሙ በኩል ከማር ንብ ብዙ አይጠብቁ። የቲማቲም አበባ የአበባ ማር የለውም፤ ብናኙም የሚረግፈው አበባው ሲንቀጠቀጥ ነው። በውጭ አገር ለዚህ የሚያሰማሩት ባምብልቢ የሚባለውን ጸጉራም ንብ ሲሆን፣ እርሱ በአገራችን በተፈጥሮ አይገኝም። ረፋድ ላይ ጤዛው ሲደርቅ ተክሉ የታሰረበትን ገመድ በዱላ መታ መታ ማድረግ ይበቃል።

መልስ (አምራች፣ ባሕር ዳር)፦ እኔ ለአንድ ፕላስቲክ ቤት ብዬ ከንብ ጋር አልታገልም። ሲነጋጋ፣ ቀጭን አገዳ ያለውን ወንዴ አበባ ቀጥፌ ቢጫ ቅጠሉን እገፍፍና፣ ከሥሩ ትንሽ ፍሬ በያዘችው ሴቴ አበባ መካከል ብናኙን እቀባለሁ። አንዱ ወንዴ ለሁለት ለሦስት ሴቴ ይሆናል። ለመሆኑ መጋረጃውን የሚከፍቱት በስንት ሰዓት ነው?

ጠያቂው፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መጋረጃውን የምንከፍተው ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ነበር። ዛሬ በ12 ሰዓት ተኩል ገብቼ ባይ ሴቴዎቹ ወለል ብለው ተከፍተዋል፤ በተለመደው ሰዓታችን ተመልሼ ሳያቸው ግን አብዛኞቹ መከደን ጀምረዋል። ለካ እስከ ዛሬ ከውጭ የሚመጣውንም ንብ የዘጋሁበት ራሴ ነበርሁ። ቀፎውን ዛሬ ማታ አወጣዋለሁ፤ ንቡ አዲሱን ቦታ እስኪለምድ ድረስ በእጅ እቀባለሁ።