የፕላኔት ሳይንቲስት ለመሆን ፊዚክስ ይበቃል?

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር የሁለተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ ነኝ። በጠፈር ተልእኮዎች ላይ ለመሥራት ወደ ጂኦሎጂ መዛወር ይኖርብኛል?

መልስ 1፦ አይኖርብዎትም። በመስኩ የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪና የጂኦሎጂ ባለሙያዎች ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ ይልቅ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍን ከአሁኑ ይልመዱ።

መልስ 2፦ ትዕግሥትም ይጨምሩበት። የጠፈር መንኮራኩሯ ካሲኒ እ.ኤ.አ. በ1997 ተወንጭፋ ሳተርን የደረሰችው በ2004 ሲሆን፣ ሥራዋን የፈጸመችው በ2017 ነው፤ ዕቅዱን የጀመሩት አንዳንዶቹ በዚያው ሸብተዋል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ለጣና ዳር ሰው ደግሞ የሳተርን ጨረቃ ታይታን ቅርብ ትመስለኛለች፤ የእኛ ሐይቅ ጥልቀቱ 15 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በፈሳሽ ሚቴን የተሞላው የታይታን ባሕር ሊጂያ ማሬ ግን በካሲኒ ራዳር ሲለካ እስከ 160 ሜትር ገደማ ደርሷል።

መልስ 3፦ የናሳ የፕላኔቶች መረጃ ማኅደር ለሁሉም በነፃ ክፍት ስለሆነ፣ እነዚያን የራዳር ምስሎች አውርደው ለመመረቂያ ጽሑፍዎ ሊጠቀሙባቸው ይችላሉ።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ፤ በሊጂያ ማሬ እጀምራለሁ።